ፕሮግራማችሁ በሌላ ኮምፒውተርም እንዲሠራ፦ የፓይተን ኢምፖርቶችንና ስውር ጥገኝነቶችን የመቆጣጠሪያ መመሪያ

ሳቢያን ባለ ላፕቶፕ ላይ ያለ እንከን ሲሠራ የሰነበተ ፕሮግራም ከዚራ ወደሚገኝ የትራንዚት ቢሮ በፍላሽ ተወስዶ ሲከፈት፣ ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። በድሬዳዋ ለአነስተኛ ድርጅቶች ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ኮዱ አልተለወጠም፤ ስሌቱም ትክክል ነው። የጎደለው ኮዱ ሳይናገር ሲደገፍበት የኖረው ነገር ነው፦ ከወራት በፊት ለሌላ ሥራ የተጫነ ፓኬጅ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት የኮድ ጥቅል)፣ በአንድ ፎልደር ብቻ ያለ ፋይል፣ የአንድ ዊንዶውስ ቅንብር። በዚህ መመሪያ ስውር ጥገኝነት የምለው ይህንን ነው።

ስውር ጥገኝነት ኮድን በማንበብ ብቻ አይገኝም። የሚገኘው በማጉደል ነው፤ ፕሮግራሙን ምንም ባልተጫነበት ቦታ አስነሥቶ ምን እንደሚጠይቅ በማየት። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደዚያ ፈተና የሚወስዱ ናቸው።

በምሳሌነት የምጠቀመው ለከተማችን ቅርብ የሆነ ፕሮግራም ነው። ከጅቡቲ በባቡርና በከባድ መኪና የሚገቡ ኮንቴይነሮችን ዝርዝር ከኤክሴል ያነባል፤ እያንዳንዱ ኮንቴይነር ስንት ቀን እንደቆየ ቆጥሮ ዲመሬጁን፣ ማለትም ከተፈቀደው ቀን በላይ በመቆየቱ የሚከፈለውን፣ ያሰላል፤ ከዚያም ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎ ለደንበኛው ደብዳቤ ያወጣል። ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ስትተይቡ በላቲን ፊደል ነው።

ደረጃ 1፦ ፓይተን ሞጁልን የት የት እንደሚፈልግ እወቁ

ሞጁል ሌላ ኮድ ሊጠቀምበት የሚችል የኮድ ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ የፓይተን ፋይል ነው። ኢምፖርት ደግሞ እርሱን ወደ ኮዳችሁ የሚያመጣው ትእዛዝ ነው። «ኢምፖርት ካሌንደር» ብላችሁ ስትጽፉ ፓይተን በመጀመሪያ የሚያየው ቀደም ብሎ የጫናቸውን ሞጁሎች መዝገብ ነው፤ መዝገቡ «ሲስ.ሞጁልስ» ይባላል። ስሙን እዚያ ካገኘው ፋይሉን ዳግመኛ አይከፍትም። ካጣው ከራሱ ከፓይተን ጋር የተገነቡትን ጥቂት ሞጁሎች ያያል፤ ቀጥሎም «ሲስ.ፓዝ» በሚባለው የፎልደሮች ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በዝርዝሩ ራስ ላይ ያለው የምታስነሡት ፋይል የተቀመጠበት ፎልደር ነው። ከእርሱ ቀጥሎ «ፓይተንፓዝ» በሚባለው የሲስተም ተለዋዋጭ ውስጥ የተመዘገቡ ፎልደሮች ካሉ ይመጣሉ፤ ከዚያ የፓይተን መደበኛ ላይብረሪ (ከፓይተን ጋር አብረው የሚመጡት ሞጁሎች)፤ በመጨረሻም ፒፕ በሚባለው የፓኬጅ መጫኛ የሚጫኑ ፓኬጆች የሚቀመጡበት «ሳይት-ፓኬጅስ»። ስሙን መጀመሪያ ባገኘበት ቦታ ይቆማል፤ የተሻለ ካለ ብሎ ወደ ታች አይቀጥልም።

ይህን ቅደም ተከተል በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ለማየት «ፓይተን -ኤም ሳይት» ብላችሁ አዝዙ። የሚወጣውን ዝርዝር መስመር በመስመር አንብቡት። የማታውቁት ፎልደር ካለበት ከየት እንደመጣ ሳታጣሩ አትለፉ፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ሶፍትዌር ሲጫን ፓይተንፓዝ ላይ የጻፈው ነው።

ኢምፖርት ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ያስኬደዋል፤ ስሞችን ብቻ ወስዶ አይመለስም። ስለዚህ ከተግባሮች ውጭ ሜዳ ላይ የተጻፈ ኮድ፣ ለምሳሌ ፋይል የሚከፍት ወይም ደብዳቤ የሚያትም መስመር፣ ሌላ ፋይል ኢምፖርት ባደረገው ቅጽበት ይሠራል። እንዲህ ያለውን ኮድ ሁሉ ፋይሉ በቀጥታ ሲነሣ ብቻ በሚሠራው የ«ኔም» እና «ሜይን» ቅድመ ሁኔታ (ኢፍ __ኔም__ == '__ሜይን__') ሥር አስገቡት።

ደረጃ 2፦ የፋይሎቻችሁን ስም ከመደበኛው ላይብረሪ ጋር አመሳክሩ

የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይር ፋይል የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ስም «ካሌንደር.ፒዋይ» ነው። ስሙ ለሥራው ይስማማል፤ ግን ፓይተን ራሱ ካሌንደር የሚባል ሞጁል አለው፤ የእናንተ ፎልደር ደግሞ ከመደበኛው ላይብረሪ ይቀድማል።

ጉዳቱ የሚታየው ባላሰባችሁበት ቦታ ነው። የፓይተን የቀንና የሰዓት ሞጁል «ዴትታይም» ቀንን ከጽሑፍ የሚያነብበት «ስትርፒታይም» የሚባለው ተግባር በተጠራ ጊዜ ውስጥ ለውስጥ ካሌንደርን ኢምፖርት አድርጎ የሳምንቱን ቀኖች ስም ይወስዳል። አሁን የሚያገኘው የእናንተን ፋይል ስለሆነ፣ «ካሌንደር ሞጁል ዴይ_አብር የሚባል ነገር የለውም» ብሎ ይቆማል። ፕሮግራሙ ሲነሣ ደህና ነበር፤ የቆመው የመጀመሪያውን ቀን ሲያነብ ነው። ኮዳችሁ ውስጥ ዴይ_አብር የሚል ቃል ፈልጋችሁ አታገኙም። ይህ ስውር ጥገኝነት የሚያስከትለውን ግራ መጋባት በሚገባ ያሳያል፤ ስለዚህም ነው ስም መረጣን ከሌሎች ሥራዎች ሁሉ ያስቀደምኩት።

አንድ ሞጁል ከየት እንደመጣ ስትጠራጠሩ የሞጁሉን «__ፋይል__» አትሙ፤ ሙሉ አድራሻውን ይነግራችኋል። ፓይተን 3.13 እና ከዚያ በኋላ የወጡት ስሪቶች እንዲህ ያለ ግጭት ሲያጋጥም ፋይሉን ስሙን ብትቀይሩት ይሻላል የሚል ምክር በስህተቱ መልእክት ላይ ይጨምራሉ። በአሮጌው ፓይተን ግን ምክሩ አይኖርም። ራንደም፣ ኢሜይል፣ ታይም፣ ኮድ፣ ቴስት፣ ጄሰን፣ ሲኤስቪ፣ ሎጊንግ የሚሉትን ስሞች ለራሳችሁ ፋይል አትስጡ። የቀን መቀየሪያውን «ኢትዮ_ቀን» በሉት፤ ነገሩ አለቀ።

ስለ ስትርፒታይም ካነሣን አይቀር፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈን ቀን በቀጥታ አትስጡት። ጥቅምት 30 በቁጥር 30/02 ነው፤ ፓይተን የካቲትን፣ ማለትም ፌብሩወሪን ያያልና እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ይከለክላል። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ አይቀበላትም። እነዚህን ቀኖች ራሳችሁ ከፋፍላችሁ አንብቡና ከቀየራችሁ በኋላ ለዴትታይም ስጡ።

ደረጃ 3፦ የራሳችሁን ሞጁሎች ጥገኝነት በአንድ አቅጣጫ አድርጉ

የምሳሌው ፕሮግራም ሦስት ፋይሎች አሉት እንበል፦ «ታሪፍ» ሒሳቡን ይሠራል፤ «ደብዳቤ» ጽሑፉን ያወጣል፤ «ሜይን» ሁለቱን ያገናኛል። ሥራው ሲሰፋ ታሪፍ የደንበኛውን ስም ከደብዳቤ መውሰድ ይጀምራል፤ ደብዳቤም ዋጋውን ከታሪፍ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ኢምፖርት ይደራረጋሉ። ፓይተን ታሪፍን ማስኬድ ጀምሮ ሳይጨርስ ወደ ደብዳቤ ይሄዳል፤ ደብዳቤም ገና ግማሽ የተሠራውን ታሪፍ ከመዝገቡ ያገኛል። ከስሪት 3.8 ወዲህ የሚወጣው መልእክት ሞጁሉ በከፊል ብቻ እንደተጀመረና ምክንያቱ የዙር ኢምፖርት ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ይናገራል።

ብዙዎች የሚወስዱት መፍትሔ አንዱን ኢምፖርት ወደ ተግባሩ ውስጥ ማስገባት ነው። ይሠራል፤ እኔ ግን አልመክረውም፤ ጥገኝነቱን ከዓይን ይሰውረዋልና። የሚሻለው ሁለቱም የሚፈልጉትን ነገር አውጥቶ ሦስተኛ ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ «ደንበኛ.ፒዋይ» በሉት። ሁለቱ እርሱን ኢምፖርት ያደርጋሉ፤ እርሱ ማንንም አያደርግም።

የኮከብ ኢምፖርትንም ከፕሮግራማችሁ አስወግዱ። «ፍሮም ኦኤስ ኢምፖርት» ብላችሁ ኮከብ ብታስከትሉ፣ የኦኤስ ሞጁል «ኦፕን» የፓይተንን የተለመደ ኦፕን ይተካዋል፤ ፋይል የሚከፍተው መስመራችሁም ምንም ሳትነኩት ይበላሻል። እያንዳንዱ ስም ከየት እንደመጣ የፋይሉ ራስ ላይ ይጻፍ፦ መጀመሪያ የመደበኛው ላይብረሪ፣ ቀጥሎ የውጭ ፓኬጆች፣ በመጨረሻ የራሳችሁ፣ በመካከላቸውም ባዶ መስመር። ይህ የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ የሚመክረው አደራደር ነው፤ ለስውር ጥገኝነት አደናም ይጠቅማል፤ የመካከለኛውን ክፍል ብቻ አንብባችሁ ምን መጫን እንዳለበት ታውቃላችሁ።

ደረጃ 4፦ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ቬንቭ ክፈቱ

ቬንቭ ለአንድ ሥራ ብቻ የተለየ የፓይተን ማደሪያ ነው። በሥራው ፎልደር ውስጥ «ፓይተን -ኤም ቬንቭ ኢንቭ» ብላችሁ አዝዙ። ኢንቭ የሚባል ፎልደር ይፈጠራል፤ የራሱ ፓይተንና የራሱ ሳይት-ፓኬጅስ አለው። በዊንዶውስ ኢንቭ ውስጥ ባለው «ስክሪፕትስ» ፎልደር ያለውን «አክቲቬት» አስነሡ። ከዚያ ወዲያ የሚጫነው ሁሉ እዚያ ይገባል።

ስትጭኑ ፒፕን ብቻውን አትጥሩ፤ «ፓይተን -ኤም ፒፕ ኢንስቶል» በሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ፓይተን ሲኖር ብቻውን የተጠራ ፒፕ የየትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ በዚህ መንገድ ግን የተጫነው የግድ አሁን ለሚሠራው ፓይተን ይሆናል።

የቬንቭ ፎልደርን በፍላሽ ገልብጦ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መውሰድ አይሠራም። ውስጡ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሙሉ አድራሻዎች ተጽፈዋል። የሚወሰደው ኮዱና የፓኬጆቹ ዝርዝር ነው፤ ቬንቩ በደረሰበት ቦታ እንደገና ይፈጠራል።

ደረጃ 5፦ ስውር ጥገኝነቶችን በየዓይነታቸው አድኑ

ዋናው ሥራ ይህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

የመጀመሪያው ዓይነት በሌላ ፓኬጅ ጀርባ ታዝሎ የመጣ ነው። ፓንዳስ የሚባለውን የሰንጠረዥ መረጃ ፓኬጅ ስትጭኑ ነምፓይ የሚባለው የቁጥር ስሌት ፓኬጅ አብሮ ይመጣል። ኮዳችሁ «ኢምፖርት ነምፓይ» ካለ ይሠራል፤ እናንተ ግን ነምፓይን በዝርዝራችሁ አልጻፋችሁም። ይህ ምን ያህል እንደሚያጋልጥ ፒዋይቲዚ የሚባለው የሰዓት ቀጣና ፓኬጅ ያሳያል። ለዓመታት ከፓንዳስ ጋር ሲመጣ ቆይቶ በፓንዳስ 3.0 ግዴታ መሆኑ ቀረ። ፒዋይቲዚን ሳይጽፉ ሲጠቀሙ የቆዩ ፕሮግራሞች አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲጫኑ የሚቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ በስሙ ኢምፖርት ያደረጋችሁትን ሁሉ በስሙ በዝርዝራችሁ ጻፉ፤ ሌላ ቢያመጣውም።

ሁለተኛው ዓይነት በኢምፖርት መስመር ላይ ጭራሽ የማይታየው ነው። ፓንዳስ የኤክሴል ፋይል ሲያነብ «ኦፕንፓይኤክስኤል» የሚባል ሌላ ፓኬጅ ይፈልጋል፤ የሚጠይቀው ግን «ሪድ_ኤክሴል» በተጠራ ጊዜ ነው። ፓንዳስ ብቻ በተጫነበት ኮምፒውተር ፕሮግራሙ ይነሣል፤ ተጠቃሚዋ የኮንቴይነር ዝርዝሩን ስትከፍት ይቆማል። አሮጌውን የኤክሴል ቅርጽ፣ ኤክስኤልኤስ የሚለውን፣ ለማንበብ ደግሞ የሚያስፈልገው «ኤክስኤልአርዲ» ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከወጣው ስሪት 2.0 ጀምሮ አዲሱን ቅርጽ ማንበብ ትቷል። ቢሮው ሁለቱንም ዓይነት ፋይል የሚቀበል ከሆነ ሁለቱንም ፓኬጆች ጻፉ።

እዚህ ላይ ልትጠይቁት የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ፓንዳስ በእርግጥ ያስፈልጋል? አንድ የኤክሴል ገጽ መስመር በመስመር ለማንበብና ቀን ለመቀነስ አያስፈልግም። ኦፕንፓይኤክስኤል ብቻውን ይበቃል፤ የሚከተለውም አንድ ትንሽ ፓኬጅ ብቻ ነው። ፓንዳስና ነምፓይ በሞባይል ዳታ ሲወርዱ የሚወስዱት ገንዘብ፣ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙን ለማስነሣት የሚጨምሩት ጊዜ ለእንዲህ ያለ ሥራ አይገባም። ጊዜውን ማየት ከፈለጋችሁ «ፓይተን -ኤክስ ኢምፖርትታይም» ብላችሁ የፋይላችሁን ስም አስከትሉ፤ እያንዳንዱ ኢምፖርት የፈጀውን ይዘረዝርላችኋል። ጥገኝነትን ከመመዝገብ ይልቅ ማስወገድ የሚቻልበት ቦታ ሁሉ ቢወገድ እመርጣለሁ።

ሦስተኛው ዓይነት ከስም የሚመጣ ነው። ኢምፖርት የሚደረግበት ስምና በፒፕ የሚጫንበት ስም የተለያዩ ፓኬጆች ብዙ ናቸው። «ፒአይኤል» የሚጫነው ፒሎው ተብሎ ነው፤ «ሲቪ2» ኦፕንሲቪ-ፓይተን ተብሎ ነው፤ «ያምል» ደግሞ ፓይያምል። ለደብዳቤ ማውጫችን የሚያስፈልገው «ዶክኤክስ» በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትክክለኛው የመጫኛ ስም ፓይተን-ዶክኤክስ ነው። ዶክኤክስ ብቻ ብላችሁ ብትጭኑ ግን ስህተት አታዩም፤ በዚህ ስም የተቀመጠ ሌላ አሮጌ ፓኬጅ ስላለ እርሱ ይጫናል። ኢምፖርት ስታደርጉት «ኤክሴፕሽንስ የሚባል ሞጁል የለም» ይላችኋል። የተጫነውን አጥፉና ትክክለኛውን ጫኑ። በአንድ ፊደል የሚለያዩ ስሞችን ሆን ብለው አስመስለው ተንኮል የሚያስቀምጡ ሰዎችም ስላሉ፣ ስም ከትውስታ አትጻፉ፤ ከፓኬጁ ዋና ገጽ ገልብጡ።

ከፓይተን ስሪት ጋር የሚጠፉም አሉ። «ዲስትዩቲልስ» ከፓይተን 3.12 ወጥቷል፤ በዚያው ስሪት አዲስ የሚከፈት ቬንቭ ውስጥ «ሴትአፕቱልስ» ሳይታዘዝ መግባቱ ቀርቷል። በ3.13 ደግሞ ሲጂአይና ቴልኔትሊብን ጨምሮ 19 አሮጌ ሞጁሎች ተወግደዋል። የቆየ ኮድ ስትወርሱ መጀመሪያ የምትመለከቱት እነዚህን ነው። በተቃራኒው ዊንዶውስ 7 ያለበት ቢሮ ካጋጠማችሁ ከፓይተን 3.8 በላይ አይጫንም፤ በ3.8 ላይ ፒፕ የሚያገኘው የመጨረሻው ፓንዳስም 2.0.3 ነው። ስለዚህ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ቢሮው ሄዳችሁ የዊንዶውሱን ስሪትና 32 ወይም 64 ቢት መሆኑን መዝግቡ።

የመጨረሻው ዓይነት ሞጁል እንኳ አይደለም፤ ለእኛ ግን ከሁሉም በላይ የሚነካን እርሱ ነው። ፓይተን በዊንዶውስ ላይ የጽሑፍ ፋይል ሲከፍት፣ ኢንኮዲንግ (ፊደላት በፋይል ውስጥ በቁጥር የሚጻፉበት ስልት) ካልተነገረው የዊንዶውሱን ነባሪ ይወስዳል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት የተሠራ ነው። ሊኑክስ ላይ ነባሪው የእኛንም ፊደል የሚይዘው ዩቲኤፍ-8 የሚባለው ኢንኮዲንግ ስለሆነ አማርኛው በትክክል ይነበባል። ስለዚህ በሊኑክስ ላፕቶፕ የተጻፈ ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ አማርኛ ሊጽፍ ሲል «ቻርማፕ» የሚል ስህተት አውጥቶ ይቆማል፤ ሲያነብም «አቶ» የሚለው ትርጉም የለሽ ምልክቶች ሆኖ ይወጣል። ነባሪው በሁሉም ሲስተም ዩቲኤፍ-8 እንዲሆን የተወሰነው ከፓይተን 3.15 ጀምሮ ነው፤ ያን እየጠበቃችሁ አትቀመጡ። ፋይል በከፈታችሁበት ቦታ ሁሉ «ኢንኮዲንግ» እኩል ይሆናል «ዩቲኤፍ-8» ብላችሁ ጻፉ። በኤክሴል የሚከፈት ሲኤስቪ ስታወጡ ግን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» በሉ፤ ኤክሴል አማርኛውን እንዲያውቀው ያደርጋል። የረሳችሁትን መስመር ለማግኘት ከ3.10 ወዲህ «ፓይተን -ኤክስ ዋርን_ዲፎልት_ኢንኮዲንግ» አለላችሁ፤ ኢንኮዲንግ ሳይነገረው የሚከፈተውን ሁሉ ያስጠነቅቃል።

የሰዓት ቀጣናም እንዲሁ ነው። ከ3.9 ጀምሮ ያለው «ዞንኢንፎ» የአዲስ አበባን ቀጣና ሊኑክስ ላይ ከሲስተሙ ያገኛል። ዊንዶውስ ይህን መረጃ ስለማይይዝ «ቲዚዳታ» የሚባል ፓኬጅ ይጠይቃል። ፓንዳስ በተጫነበት ዊንዶውስ ቲዚዳታ አብሮት ስለሚመጣ ችግሩ አይታይም፤ ከላይ እንደመከርኩት ፓንዳስን ስታወጡ ያን ጊዜ ብቅ ይላል። ለእኛ ሥራ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ኢትዮጵያም ጅቡቲም ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማሉ፤ ሰዓት አይቀያይሩም። በዴትታይም ቋሚ የ3 ሰዓት ልዩነት ብትሰጡ የሚጫን ነገር አይኖርም።

ፋይሎችንም አትርሱ። «ታሪፍ.ሲኤስቪ» ብላችሁ ብቻ ስትጽፉ ፓይተን የሚፈልገው ኮዱ ባለበት ፎልደር አይደለም፤ ትእዛዙ በተሰጠበት ፎልደር ነው። አድራሻውን «ፓዝሊብ»ን ተጠቅማችሁ ከ«__ፋይል__» ወላጅ ፎልደር ጀምሩ። ትልቅና ትንሽ ፊደልም ይለያል፦ ዊንዶውስ የፋይል ስም ሲከፍት ልዩነቱን አያይም፤ ሊኑክስ ያያል።

ደረጃ 6፦ የሚያስፈልገውን ሁሉ ጻፉ

ሁለት ዝርዝር ይኑራችሁ። በመጀመሪያው እናንተ በቀጥታ የምትጠቀሙባቸው ብቻ ይጻፉ፤ በእጃችሁ የምታዘጋጁት ነው፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ለምን እንዳስፈለገ አንድ መስመር ጨምሩ። ሁለተኛውን «ፓይተን -ኤም ፒፕ ፍሪዝ» ያወጣላችኋል፤ የተጫነው ሁሉ ከነትክክለኛ ስሪቱ የሚሰፍርበት ነው፤ «ሪኳየርመንትስ.ቲኤክስቲ» ብላችሁ አስቀምጡት። ፍሪዝ ብቻ ያለው ሰው ከዓመት በኋላ የትኛው ፓኬጅ ለእርሱ፣ የትኛው ለሌላ ፓኬጅ እንደገባ መለየት አይችልም። የፓይተኑን ስሪትም በዝርዝሩ ራስ ላይ በአስተያየት መስመር ጻፉ።

ማን ማንን እንዳመጣ ለማየት «ፒፕዴፕትሪ» ይረዳል። «ዴፕትሪ» የሚባለው ደግሞ ኮዱን ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሮ ኢምፖርት ተደርጎ ያልተጻፈውንና ተጽፎ የማይሠራበትን ይነግራችኋል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ እንደ ኦፕንፓይኤክስኤል በሌላ ፓኬጅ ሆድ ውስጥ የሚጠራውን ወይም ኢንኮዲንግን ግን አያገኙላችሁም።

ደረጃ 7፦ በባዶ ቦታ ፈትኑ

ኮዱን ወደ አዲስ ፎልደር ገልብጡ፤ አሮጌው ቬንቭ አይከተለው። ፓይተንፓዝ ተሞልቶ ከሆነ ባዶ አድርጉት፤ ቬንቭ ከእርሱ አይከላከልምና። አዲስ ቬንቭ ክፈቱ፤ ከሪኳየርመንትስ ፋይሉ ብቻ ጫኑ፤ «ፓይተን -ኤም ፒፕ ቼክ» ብላችሁ ፓኬጆቹ እርስ በርስ እንደሚስማሙ አረጋግጡ።

ከዚያ ፕሮግራሙን ማስነሣት ብቻውን ፈተና አይደለም። ሪድ_ኤክሴልና ስትርፒታይም እንዳሳዩት ብዙው ስውር ጥገኝነት የሚነቃው ተግባሩ ሲጠራ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን አዝራር ንኩ፦ አዲሱንና አሮጌውን የኤክሴል ቅርጽ ክፈቱ፤ የአማርኛ ስም ያለበት ደብዳቤ አውጡ፤ የጥቅምት 30 እና የጳጉሜን ቀን አስገቡ፤ ፕሮግራሙን ከሌላ ፎልደር አስነሡ። ስህተት በወጣ ቁጥር መልእክቱን ከታች ወደ ላይ አንብቡ፤ የመጨረሻው መስመር የጎደለውን ነገር ይጠራል፤ ከበላዩ ያሉት ማን እንደፈለገው ያሳያሉ። የጎደለውን በቀጥታ በፒፕ ጭናችሁ አትለፉ፤ መጀመሪያ በዝርዝሩ ላይ ጻፉት፤ ከዝርዝሩ ጫኑት።

ከተቻለ ይህን ፈተና በቢሮው ዓይነት ዊንዶውስ ላይ አድርጉት። የጓደኛችሁን ኮምፒውተር ለአንድ ከሰዓት መዋስ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ኢንተርኔት ለሌለበት ቢሮ ፓኬጆቹን ይዛችሁ ሂዱ

ደንበኛው ዘንድ ኔትወርክ ይኖራል ብላችሁ አትነሡ። በቤታችሁ «ፓይተን -ኤም ፒፕ ዳውንሎድ» ብላችሁ በ«-አር» ሪኳየርመንትስ ፋይሉን፣ በ«-ዲ» የማስቀመጫ ፎልደሩን ስጡት፤ ፓኬጆቹን ከነተከታዮቻቸው ያወርዳል። የሚያወርደው ግን እናንተ ላላችሁበት ሲስተምና ፓይተን ነው። ሊኑክስ ላይ ሆናችሁ ለዊንዶውስ የምታዘጋጁ ከሆነ «--ፕላትፎርም»፣ «--ፓይተን-ቨርዥን» እና «--ኦንሊ-ባይነሪ» የሚሉትን ምርጫዎች መሙላት ግድ ነው። ቢሮው ስትደርሱ ቬንቭ ከፍታችሁ በ«--ኖ-ኢንዴክስ» እና በ«--ፋይንድ-ሊንክስ» ከፍላሹ ጫኑ። የፓይተኑን መጫኛ ራሱንም ፍላሹ ላይ አስቀምጡ።

ደረጃ 9፦ ፓይተን እንዲጫንበት ለማይፈልግ ቢሮ

ፓይኢንስቶለር ኮዱን፣ ፓይተኑንና ፓኬጆቹን አንድ ላይ አድርጎ በድርብ ጠቅታ የሚከፈት ፋይል ይሠራል። የዊንዶውስ ፋይል የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ምን እንደሚያስገባ የሚወስነው የኢምፖርት መስመሮችን አንብቦ ስለሆነ፣ በተግባር ውስጥ የተጻፈውን ያገኛል፤ ስሙ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የሚወሰነውን ግን አያገኝም። ለእንዲህ ያለው «--ሂድን-ኢምፖርት» የሚል ምርጫ አለው። እንደ ታሪፍ.ሲኤስቪ ያሉ የመረጃ ፋይሎችም በራሳቸው አይገቡም፤ «--አድ-ዳታ» ይጠይቃሉ። ሥራው ሲያልቅ «ቢልድ» ፎልደር ውስጥ ስሙ «ዋርን» ብሎ የሚጀምር የጽሑፍ ፋይል ይገኛል፤ ሊያገኛቸው ያልቻላቸውን ሞጁሎች የሚዘረዝር ነው። ብዙዎቹ ለዊንዶውስ የማያስፈልጉ ናቸው፤ በዝርዝራችሁ ላይ የጻፋችሁት ስም ካለበት ግን ፋይሉን ለማንም አትስጡ።

ይህን ግንባታ ሁልጊዜ ከደረጃ 7ቱ ንጹሕ ቬንቭ አድርጉ። ብዙ ነገር ከተጫነበት ፓይተን የተሠራ ፋይል የማያስፈልገውን ሁሉ ጨምሮ ያብጣል።

ደረጃ 10፦ ስታድሱ አንድ በአንድ

ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ሁሉንም ፓኬጅ በአንድ ጊዜ አታድሱ። የሚሠራውን ሪኳየርመንትስ ፋይል በቀኑ ስም አስቀሩት። አንድ ፓኬጅ አድሱ፤ በባዶ ቬንቭ የደረጃ 7ቱን ፈተና ሙሉውን ድገሙ፤ ካለፈ አዲሱን ፍሪዝ አስቀምጡና ወደ ቀጣዩ እለፉ። ከወደቀ ቬንቩን አጥፉና ከአሮጌው ፋይል እንደገና ጫኑ፤ ቢሮው ሥራውን ይቀጥላል፤ እናንተም ምክንያቱን በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ትፈልጋላችሁ።